መኪናውን ከመግዛታችሁ በፊት ቆሻሻውን መዝኑት

ጥያቄ፦ «120 ሺህ ያህል ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ ማዘጋጃ ቤት፣ የጽዳት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አንድ አሮጌ ገንዳ አንሺ መኪና አለችን። ቆሻሻው ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ይደፋል። በየሰፈሩ የሚከመረው ግን ከሚነሳው ይበልጣል። ከንቲባችን እንደ አዲስ አበባው ቆሻሻን ወደ መብራት የሚቀይር ፋብሪካ ይምጣልን ይላሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ደግሞ ቆሻሻውን ጨምቆ የሚጭን ኮምፓክተር መኪና እንግዛ ባይ ነው። በጀታችን ትንሽ ናት። እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር?»

ምላሽ፦ ከንቲባውም ኃላፊውም አይቀየሙኝና፣ እኔ ብሆን ሁለቱንም አልገዛም። ቢያንስ ዘንድሮ አልገዛም። መጀመሪያ የምገዛው ባስኩላ ነው። አዎ፣ እህል የሚመዘንበት ተራ ባስኩላ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናንተን በምታክል ከተማ የቆሻሻ ጥናት ስንሠራ ነበር። ከየሰፈሩ ቤቶች መርጠን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ማዳበሪያ አደልን። (ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ነው። ስለ እውነተኛው ማዳበሪያ ኋላ እመጣበታለሁ።) በየጠዋቱ እንሰበስባለን፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ሸራ ዘርግተን እንዘረግፋለን፤ ጓንት አድርገን እንለያለን። ነሐሴ ነበር። የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የቡና አተላ፣ ገረባ፣ አመድ። ሸራው ላይ ሲዘረገፍ ዓይን የሚሞላው ፌስታልና ሃይላንድ ነው። ሁሉም ፕላስቲክ ይመስላል። ባስኩላው ላይ ሲወጣ ግን ፕላስቲኩ ይህን ያህል አይደለም። ሚዛኑን የሚያስረግጠው ልጣጩና ቅጠሉ ነው። አብራን የምትሠራ ልጅ አንድ እፍኝ አንስታ ጨመቀችው። ውሃው በክንዷ ወርዶ እስከ ክርኗ ደረሰ። «ለካ የምንሸከመው ውሃ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ከእሷ በተሻለ የገለጸልኝ ሰው አላገኘሁም።

በኢትዮጵያ ከተሞች የቤት ቆሻሻ በክብደት ሲታይ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። በብዙ ቦታ ከመቶ 60 እስከ 70 ይደርሳል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ የእናንተ ችግር የመኪና ችግር ብቻ አይደለም። ነዳጅ እያቃጠላችሁ ውሃ ታመላልሳላችሁ።

እስቲ በራሳችሁ ከተማ እናስላው። በእኛ አገር ከተሞች አንድ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ቆሻሻ ያወጣል። 0.4 ኪሎ ብንል 120 ሺህ ሰው በቀን 48 ቶን ነው። የተለመደው ገንዳ 8 ሜትር ኩብ ይይዛል። የእኛ ቆሻሻ አንዱ ሜትር ኩብ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ብንል፣ አንድ ገንዳ 2.4 ቶን ነው። 48 ቶን ለማንሳት በቀን 20 ምልልስ ያስፈልጋል። የእናንተ አሮጌ መኪና ጎማ ካልፈነዳ፣ ነዳጅ ካልጠፋ፣ ሾፌሩ ካልታመመ በቀን 6 ወይም 7 ጊዜ ብትመላለስ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የሚከመረው ለምን ከሚነሳው እንደሚበልጥ አሁን ገባዎት? ማንም አልሰነፈም። ሒሳቡ ነው እምቢ ያለው።

ኮምፓክተሩ ይህን አይፈታም ወይ? ጥሩ መኪና ነው፤ የተሠራው ግን ለሌላ ቆሻሻ ነው። በሀብታም አገር ቆሻሻው ካርቶንና ማሸጊያ ይበዛበታል፣ በአየር የተሞላ ነው። መጭመቂያው ያንን አየር ያስወጣና አንዱ መኪና የሦስቱን ይጭናል። የእኛ ግን ሲጀመር የታጨቀ ነው። ብትጨምቀው ውሃ ነው የሚወጣው። ኮምፓክተር ባለፈበት አስፋልት ላይ የሚንጠባጠበውን ጥቁር ፍሳሽ አይተው ይሆናል። እሱ ነው። በዚያ ላይ መኪናው ከባድ ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ አይችለውም። ሃይድሮሊኩ ሲበላሽ መለዋወጫ ፍለጋ ወራት ይፈጃል። በስንቱ ማዘጋጃ ቤት ግቢ ሳር በቅሎበት የቆመ ኮምፓክተር እንዳየሁ ብነግርዎት ኃላፊው ሐሳቡን ይቀይር ነበር።

ወደ ፋብሪካው እንምጣ። ረጲ የሚገኘው የአዲስ አበባው ማመንጫ በነሐሴ 2010 ተመረቀ። 118 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደፈጀ ተነግሯል። የታቀደው በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲበላ ነው። የእናንተ 48 ቶን ነው፤ ያውም ሁሉም ቢሰበሰብ። በዓመት ሲሰላ 17,500 ቶን ይሆናል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ለማሰብ ብቻ በዓመት ቢያንስ 50 ሺህ ቶን ያስፈልጋል የሚል በሙያው የታወቀ መነሻ አለ። ከብዛቱ ይልቅ ግን እርጥበቱ ይከፋል። ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ ራሱን ችሎ እንዲነድ በኪሎ በአማካይ 7 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሊኖረው ይገባል። በልጣጭና በአመድ የተሞላ እርጥብ ቆሻሻ እዚያ ለመድረስ ይቸገራል፣ በክረምት ደግሞ ይብስበታል። እርጥብ እንጨት ምድጃ ውስጥ የከተተ ሰው ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ደግሞ ከንቲባው ይህን ይወቁ፦ ፋብሪካው ከተመረቀ በኋላም የአዲስ አበባው ቆሻሻ መድፊያ ቆሼ አልተዘጋም። ፋብሪካ ቢኖርም መድፊያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከየት ልጀምር ላሉት፣ እርጥቡን ከደረቁ ከመለየት ይጀምሩ። «ሕዝቡ አይለይም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነትዎን ነው፣ በአንድ ጊዜ አይለይም። ስለዚህ ከየቤቱ አትጀምሩ። ከአትክልት ተራ፣ ከጉሊት፣ ከጫት ተራ፣ ከሆቴሎች ጀምሩ። እዚያ ቆሻሻው ቀድሞ የተለየ ነው። አትክልት ተራ የሚጣለው ጎመንና የፈረጠ ቲማቲም ነው፤ ማንም ባትሪ ድንጋይ አይቀላቅልበትም። ጁስ ቤት ደጃፍ ያለው የአቮካዶና የማንጎ ልጣጭ ነው። ከእነዚህ ቦታዎች ብቻ በቀን 10 ቶን አንስታችሁ ኮምፖስት (ከሚበሰብስ ቆሻሻ የሚሠራ ማዳበሪያ) ብታደርጉት፣ ወደ መድፊያው አራት ምልልስ ቀነሳችሁ ማለት ነው። አዲስ መኪና ሳትገዙ።

ይህን ለማንሳት የአህያ ጋሪ ይበቃል። እየቀለድኩ አይደለም። አህያ መለዋወጫ አትጠይቅም፣ ጠባብ መንገድ ትገባለች። የኮምፖስት ቦታው ከገበያው ብዙ ካልራቀ ከአይሱዙ ትሻላለች።

ስለ ኮምፖስት ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ከተሞች የጀመሩትና ብዙዎቹ ያበላሹት ሥራ ስለሆነ ነው። በመንግሥትና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ትብብር ባሕር ዳርን፣ አዳማን፣ ሐዋሳንና ድሬዳዋን የጨመረ ፕሮጀክት ነበር። እነዚህ ከተሞች ቅርብ ከሆኑ ሄደው ይጎብኙ። ተሞክሮ ልውውጥ ተብሎ ሆቴል ውስጥ ስላይድ ከማየት ክምሩን መርገጥ ይሻላል።

ክምሩ ከፍታው አንድ ሜትር ተኩል፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ገደማ ይሁን፤ ርዝመቱ እንደ ቦታው ነው። ልጣጭና ቅጠል ብቻ ከከመሩ ይላቁጣል፣ ይሸታል። ደረቅ ነገር ያስፈልገዋል። ሰጋቱራ፣ ጭድ፣ የቡና ገለባ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ያገኙትን ይቀላቅሉ። እርጥበቱን በእጅ ይፈትሹ። አንድ እፍኝ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከወረደ በዝቷል፤ ጭራሽ ካልወጣ ደግሞ ውሃ ያጠጡት። ለሙቀቱ ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ፌሮ በቂ ነው። አንድ ሜትር ፌሮ ወደ ክምሩ መሃል ይስደዱ፣ አምስት ደቂቃ ይተዉት፣ ይንቀሉትና ጫፉን ይያዙት። ካቃጠለዎት ሥራው እየሄደ ነው። ለብ ካለ አየር አጥሮታል ወይም ደርቋል፣ ይገልብጡት። መሃሉ ለጥቂት ቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት፤ የአረም ዘሩንና ተባዩን የሚገድለው እሱ ነው። በሳምንት አንዴ ያገላብጡ። ሁለት ሦስት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የዝናብ መሬት የሚሸት ነገር ይሆናል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው አልደረሰም ወይም ደረቁ አንሶታል። ከሦስት ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ገደማ ታገኛላችሁ። የቀረው ትነትና ጋዝ ሆኖ ሄዷል። ያንን መኪናችሁ አልተሸከመችውም።

ኮምፖስቱን ማን ይገዛል? ብዙው ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ራሱ ማዘጋጃ ቤቱ ይሁን። የችግኝ ጣቢያችሁ፣ የመንገድ አካፋይ ላይ ያለው ሳር፣ መናፈሻው አፈር ይፈልጋሉ። ከሌላ የምትገዙትን ከራሳችሁ ግዙ። ገበሬው ኋላ ይመጣል። እሱም የሚመጣው ንጹሕ ከሆነ ነው። ጠርሙስ ስባሪ አግኝቶ እጁን የቆረጠ ገበሬ ሁለተኛ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይነግራል። ከገበያና ከጁስ ቤት ጀምሩ ያልኩት ለዚህም ነው። ከገንዳ ተዝቆ በወንፊት የተነፋ ኮምፖስት መቼም ንጹሕ አይሆንም።

ደረቁስ? ለደረቁ ብዙ አታስቡ። ደረቅ ቆሻሻ ቀላል ነው፣ ገንዳ ቶሎ ይሞላል፤ ነገር ግን አይሸትም፣ ዝንብ አይጠራም። ሳምንት ቢቆይ ማንም አይጮህም። እርጥቡ ከወጣለት መኪናችሁ በየቀኑ መሮጥ አይጠበቅባትም። ሃይላንዱን፣ ቆርቆሮውን፣ ካርቶኑን የሚፈልገው ሰው ደግሞ አስቀድሞ በሰፈራችሁ አለ። ቆራሌው ነው። ማንም ሳይቀጥረው፣ ማንም ስልጠና ሳይሰጠው፣ ከበር ለበር እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ አዲስ አበባ ምን አለሽ ተራ ደርሶ ድስት ሆኖ ይመለሳል። «የሪሳይክሊንግ ፕሮጀክት» ቀርጻችሁ ከእሱ ጋር አትፎካከሩ። የሚያከማችበት ጥላ ያለው ቦታ ስጡት። ደንብ አስከባሪው እንዳያባርረው መታወቂያ ስጡት። ባለ ልዋጩንም እንዲሁ። መድፊያው ላይ የሚለቅሙትን ሰዎችም ከሥራው አታስወጧቸው፤ መለያው ቦታ ላይ ቅጠሯቸው። ከሁላችንም በላይ ቆሻሻ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የጤና ተቋማት ቆሻሻ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። መርፌና ፋሻ ገንዳችሁ ውስጥ እንዳይገባ ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፉ።

አሁን ስለ ክፍያ። ከቤት ለቤት የሚሰበስቡ ማኅበራት አሏችሁ ብዬ ልገምት። በምን ትከፍሏቸዋላችሁ? በኩብ ከሆነ ማዳበሪያው በአየር ይነፋል። በኪሎ ከሆነ አፈርና ድንጋይ ይገባበታል። በኪሎ የሚከፍል አንድ ከተማ ሳማክር፣ በክረምት የሚመጣው ቆሻሻ ከልክ በላይ ከበደብኝ። ምክንያቱን ያወቅኩት አንድ ምሽት ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም ነው። ልጆቹ ማዳበሪያዎቹን አፋቸውን ከፍተው ደርድረው ገቡ። ጠዋት ዝናቡም አብሮ ተመዘነ! አልፈረድኩባቸውም። ለውሃ ከተከፈላቸው ውሃ ያመጣሉ። የኔ ምርጫ በተጠናቀቀ ሥራ መክፈል ነው። እያንዳንዱ ቤት ካርድ ይኑረው፣ ማኅበሩ በመጣ ቁጥር እማወራዋ ወይም አባወራው ይፈርሙ። ክፍያው በቤት ብዛትና በፊርማ ይሁን። ሚዛኑ ለእናንተ እቅድ ይጠቅማል፤ ለደሞዝ ግን አይሁን። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ካሉኝ፣ አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት ከውሃ ሒሳብ ጋር አያይዛ ሰብስባለች። ቀላል ዘዴ ነው። እንከኑ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ተከራይ ከሒሳቡ ውጭ መሆኑ ነው። ለጀማሪ ከተማ ግን ከሌላው ይሻላል። ብቻ የተሰበሰበው ለጽዳት መዋሉን አስጽፉ። ወደ ጠቅላላ ካዝና ከገባ አለቀለት።

የመጨረሻው ወንዝ ዳር ያለው መድፊያችሁ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሥሩ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕጻናት። ቦታው ከ50 ዓመት በላይ ሲደፋበት የኖረ ነው። የእናንተው ዛሬ አምስት ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ቆሼም አንድ ጊዜ አምስት ሜትር ነበር። ስለዚህ ቁልቁለቱን አሁን አስተካክሉት። ሦስት ሜትር ወደ ጎን ሲኬድ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አይበል። የቆመ ገደል ካለ ዶዘር ተከራይታችሁ አስተኙት። ከላይ በኩል ቦይ ቆፍሩ፣ የክረምት ጎርፍ ወደ ክምሩ እንዳይገባ። በስሩ ማንም እንዳይሰፍር አድርጉ። አሁን የሰፈረ ካለም ሌላ ቦታ ሳትሰጡ «ተነሱ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ማታ ተመልሰው ይመጣሉ።

አዲስ ቦታ ስታዘጋጁ የጃፓኖቹን የፉኩኦካ ዘዴ እዩ። ቆሼም ከአደጋው በኋላ የተጠገነው በዚሁ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከክምሩ ሥር የተበሳሳ ቱቦ ይዘረጋል፣ ዙሪያው ድንጋይ ይደረግበታል፤ ፍሳሹ በቱቦው ይወጣል፣ አየር ደግሞ በዚያው ይገባል። አየር ሲያገኝ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እሳት የሚያስነሳው ሚቴን ጋዝ ይቀንሳል፣ ፍሳሹም ይቀላል። ቱቦ ከተወደደ ቀርከሃና ባዶ በርሜል ይሠራል። ቦታውን ስትመርጡ ግን ጎረቤቱን አስቀድሙ። ሰንዳፋ ላይ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ዘመናዊ መድፊያ በ2008 ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃውመው በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ። ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ ሄደ። የምሕንድስና ሥዕል ብቻውን አይበቃም። ከጎኑ የሚኖረው ሰው ሽታውንና ውሃውን እንጂ ሥዕሉን አያይም።

ስለ ፌስታል ብዙ አልልም። በ1999ኙ አዋጅ ስሱ ፌስታል ታግዶ ነበር፤ በገበያው ግን ማን ሰማው። የ2017ቱ አዋጅ ጠበቅ ብሏል። ማስፈጸሙ የእናንተ ብቻ አይደለምና የሳምንቱን ስብሰባ ሁሉ እሱ ላይ አትጨርሱ።

በዚህ ወር የሚሠሩትን ልንገርዎት። ባስኩላ፣ ሸራ፣ ጓንትና 30 ማዳበሪያ ይዘው ከድሃውም ከሀብታሙም ሰፈር ቤቶች ይምረጡ። ስምንት ቀን ተከታትለው ይመዝኑ፤ የመጀመሪያውን ቀን ይጣሉት፣ ሰው የከረመ ቆሻሻውን ነው የሚያወጣው። በዓል ያለበትን ሳምንት አይምረጡ፤ ቄጠማው፣ የዶሮ ላባውና ገዢ ያጣው የበግ ቆዳ ያሳስትዎታል። ከንቲባውን አንድ ጠዋት ይጋብዟቸውና እሳቸው ራሳቸው አንድ እፍኝ ይጭመቁ። ውጤቱ ሲወጣ ይላኩልኝ፤ የኮምፖስት ቦታውን ስፋት አብረን እናሰላዋለን። የክረምቱንና የበጋውን ለየብቻ መመዘንዎን ግን አይርሱ።